እንክብሉ የት ነው የሚቀመጠው? ስለ ራይቦዞምና ስለ ሌሎች የሴል ማሽኖች

(ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች ካደረግኩት ንግግር የተጻፈ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

አማራ ክልል ገጠር ውስጥ የሠራችሁ ትራኮማ የሚባለውን የዓይን በሽታ የማጥፋት ዘመቻ ታውቁታላችሁ። ሰው ይሰለፋል። አንድ መለኪያ እንጨት ይቆማል። ሚዛን የለም፤ ቁመት ታይቶ ነው ስንት ፍሬ እንደሚዋጥ የሚወሰነው። መድኃኒቱ አዚትሮማይሲን ነው። ለትንንሽ ልጆች ሽሮፕ አለ። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ እናትየው የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይዛ ትሄዳለች፤ ያው እናንተ ቲቲሲ የምትሉት።

ሁለቱ መድኃኒቶች በመልክም በአሠራርም አይመሳሰሉም። ግን ሁለቱም የሚሄዱት ወደ አንድ ቦታ ነው፤ ወደ ባክቴሪያው ራይቦዞም፣ ፕሮቲን ወደሚሠራው ማሽን። ራይቦዞም ትልቅና ትንሽ የሚባሉ ሁለት ክፍሎች አሉት። አዚትሮማይሲን ትልቁ ላይ ይቀመጣል። ቴትራሳይክሊን ትንሹ ላይ። ከአንድ የዘመቻ ካርቶን የወጡ ሁለት መድኃኒቶች አንዱን ማሽን ከላይና ከታች ያዙት ማለት ነው።

የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ የተገኘው በ1940ዎቹ መጨረሻ ነው። አዚትሮማይሲን በ1980 ዛግሬብ ውስጥ ተሠራ። በትክክል የት ቦታ ላይ እንደሚቀመጡ በዓይን የታየው ግን ከ2000 ወዲህ ነው። ታዲያ መድኃኒቱ እየሠራ ከሆነ የት ተቀመጠ ብሎ መጨነቅ ምን ይጠቅማል? የዛሬው ንግግሬ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው። ባጭሩ፣ መድኃኒቱ መሥራት ያቆመ ቀን የት እንደሚቀመጥ የማያውቅ ሰው የሚይዘው የሚጨብጠው የለውም።

መጀመሪያ ማሽኑን እንተዋወቅ።

ራይቦዞም ፕሮቲን ይሠራል። ከዲኤንኤ ላይ የተገለበጠ መልእክት፣ ማለትም መልእክተኛ አርኤንኤ፣ በሁለቱ ክፍሎች መሃል ያልፋል። ትንሹ ክፍል መልእክቱን በሦስት በሦስት ፊደል ያነባል። ለየሦስቱ ፊደል የሚስማማ አሚኖ አሲድ የተሸከመ አመላላሽ አርኤንኤ ይመጣል። ትልቁ ክፍል አዲሱን አሚኖ አሲድ ከነበረው ሰንሰለት ጋር ያያይዛል። ከዚያ መልእክቱ በሦስት ፊደል ይገፋና እንደገና ይቀጥላል። የተሠራው ሰንሰለት በትልቁ ክፍል ውስጥ ባለ ዋሻ ተሽሎክሉኮ በጀርባ በኩል ይወጣል። ዋሻው 10 ናኖሜትር ያህል ይረዝማል።

ባክቴሪያ ውስጥ ይህ በሰከንድ ወደ 20 አሚኖ አሲድ ነው። ስሕተቱ ከብዙ ሺህ አንድ ቢሆን ነው። የባክቴሪያ ራይቦዞም ከሦስት አርኤንኤዎችና ከ50 በላይ ፕሮቲኖች የተገጣጠመ ነው። የእኛው ይበልጣል፤ አራት አርኤንኤና 80 ፕሮቲን። ይህ ሁሉ ተደምሮ ስፋቱ ከ20 ናኖሜትር ብዙም አይበልጥም። አንድ ሚሊሜትር ላይ 50 ሺህ ራይቦዞም ልትደረድሩ ትችላላችሁ።

ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ቆንጆ ቪዲዮዎች ሳታዩ አትቀሩም። አመላላሹ አርኤንኤ እንደ ጨዋ እንግዳ ቀጥ ብሎ መጥቶ ቦታውን ይይዛል። እኔ እነዚያን ቪዲዮዎች ለክፍል እጠቀምባቸዋለሁ፣ ግን ይዋሻሉ። ሴል ውስጥ ባዶ ቦታ የለም። ሁሉም ነገር ይጋጫል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይላተማል። ትክክለኛው አመላላሽ ከመግባቱ በፊት ብዙ የተሳሳቱ ይሞክራሉ፣ ይባረራሉም። ማሽን ስንል እንደ ሰዓት ጥርስ ለጥርስ ተገጣጥሞ የሚዞር ነገር ከመሰላችሁ ይቅርባችሁ። የሚገርመው በዚያ ሁሉ ግርግር መሃል አቅጣጫውን ሳይስት መሥራቱ ነው።

እንግዲህ ይህን ነገር እንዴት ነው የሚያዩት?

በተራ ማይክሮስኮፕ አይሆንም። የምናየው የብርሃን ሞገድ ርዝመቱ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፤ ራይቦዞም ለሱ በጣም ትንሽ ነው። ጆርጅ ፓላዴ በ1950ዎቹ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያያቸው ጥቋቁር ነጠብጣቦችን ነበር። መኖራቸው ታወቀ። ውስጣቸው ግን አልታወቀም።

ውስጥን ለማየት የነበረው መንገድ ክሪስታል ነው። ብዙ ቢሊዮን ሞለኪዩሎች አንድ ዓይነት አቀማመጥ ይዘው ተደርድረው ክሪስታል ሲሆኑ ኤክስሬይ ይተኮስባቸዋል። ጨረሩ ከሚበተንበት ሁኔታ ተነሥቶ እያንዳንዱ አቶም የት እንዳለ ይሰላል። ለትንንሽ ፕሮቲኖች ይህ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሠርቷል። ራይቦዞም ግን ግዙፍ ነው፣ ቅርጹ ወጥ አይደለም፣ በቀላሉ ይፈራርሳል። ክሪስታል ይሆናል ብሎ የሚያምን ሰው አልነበረም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አዳ ዮናት አመነች። ኢየሩሳሌም ተወልዳ በድህነት ያደገች ሴት ናት፤ የምትሠራው ሬሆቮት ባለው የዋይዝማን ተቋም ነው። ሬሆቮት ብዙ ቤተ እስራኤላውያን ወገኖቻችን የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ ምናልባት ከዘመዶቻችሁ አንዱ በተቋሙ በር አልፎ ይሆናል። ዮናት ከብስክሌት ወድቃ ጭንቅላቷን ተመትታ ቤት በዋለችበት ጊዜ ስለ ዋልታ ድቦች አነበበች። ድቦቹ ክረምቱን ሲተኙ ራይቦዞሞቻቸው በሴል ሽፋን ላይ በሥርዓት ተደርድረው ይቀመጣሉ ይላል ጽሑፉ። ተፈጥሮ ራሷ ከደረደረቻቸው እኔም እደረድራቸዋለሁ አለች። ከዚያም ጠንካራ የሚባሉ ረቂቅ ሕዋሳትን መረጠች። አንዳንዶቹ በሙቅ ውሃ ውስጥ የሚኖሩ፣ ሌሎቹ ሙት ባሕር ጨው ውስጥ የሚኖሩ ናቸው። እዚያ የሚኖር ሕዋስ ራይቦዞሙ ቶሎ አይፈርስም ከሚል ሐሳብ ነው።

በ1980 በርሊን ውስጥ ቪትማን ከሚባል ተመራማሪ ጋር ስትሠራ የመጀመሪያዎቹ ትንንሽ ክሪስታሎች ተገኙ። ደስታው ግን አልቆየም። ኤክስሬዩ ሲነካቸው ክሪስታሎቹ ወዲያው ይሞቱ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ክሪስታሉን ከዜሮ በታች ወደ 185 ዲግሪ አካባቢ አቀዝቅዞ መተኮስ ጀመሩ። ዛሬ ዓለም ላይ ያለ የክሪስታል ቤተ ሙከራ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ዘዴ ይሠራል። እንዲያም ሆኖ አቶም የሚያሳይ ሥዕል ለማግኘት ሌላ ዐሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። ተማሪዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ አንድ ሴሚስተር ዘገየ ብላችሁ አትበሳጩ።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ውድድሩ ጦፈ። አሜሪካ ያለው የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቶማስ ስታይትዝና ፒተር ሙር ያንኑ የሙት ባሕር ሕዋስ ይዘው ገቡ። ካምብሪጅ ላይ ቬንኪ ራማክሪሽናን ትንሹን ክፍል ያዘ። ይህ ሰው ሕንድ ተወልዶ አሜሪካ በፊዚክስ ዶክትሬቱን ከያዘ በኋላ እንደገና ተማሪ ሆኖ ባዮሎጂ ከሀ የጀመረ ነው። በ2000 ነሐሴ የዬል ቡድን ትልቁን ክፍል በ2.4 አንግስትሮም ዝርዝር አወጣ። አንድ አንግስትሮም የናኖሜትር አንድ ዐሥረኛ ነው፤ በዚህ መጠን አርኤንኤው ፊደል በፊደል ይለያል። ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የራማክሪሽናንና የዮናት ቡድኖች ትንሹን ክፍል አሳተሙ። በ2009 ሦስቱ፣ ዮናት፣ ስታይትዝና ራማክሪሽናን፣ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ።

አሁን እኔን በጣም ወደሚያስደስተኝ ክፍል ደረስን። ትልቁ ክፍል ውስጥ፣ አሚኖ አሲዶቹ የሚያያዙበት ቦታ ሲታይ፣ ምን ተገኘ? ፕሮቲን የለም። ከሚያያዙበት ነጥብ እስከ ቅርቡ ፕሮቲን ድረስ 18 አንግስትሮም ያህል ርቀት አለ። ለኬሚካላዊ ሥራ ይህ ሌላ ሰፈር ማለት ነው። ዙሪያውን ያለው አርኤንኤ ብቻ ነው። በሴል ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን የሚሠራው ራሱ ፕሮቲን አይደለም ማለት ነው። ይህ ሕይወት ከፕሮቲን በፊት በአርኤንኤ ትሠራ ነበር ለሚሉት ሰዎች ትልቅ ድጋፍ ሆነ።

ሃሪ ኖለር የሚባል ካሊፎርኒያ ያለ ሰው ይህን ከዓመታት በፊት ሲከራከርበት ነበር። በ1992 ከራይቦዞም ላይ አብዛኛውን ፕሮቲን አራግፎ አሁንም አሚኖ አሲድ እንደሚያያይዝ አሳየ። ተቺዎቹ ጥቂት ፕሮቲን ቀርቷል እኮ አሉት። እውነትም ቀርቶ ነበር። በሙከራ ብቻ ያ ክርክር መቼም ላያልቅ ይችል ነበር። ሥዕሉ ሲወጣ አለቀ። ኖቤል ለአንድ ዘርፍ ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥምና ኖለር ቀረ። እኔ በበኩሌ ቅር ይለኛል።

ወደ እንክብሉ እንመለስ። አዚትሮማይሲን የሚቀመጠው በዚያ መውጫ ዋሻ ውስጥ፣ ከመግቢያው አጠገብ ነው። ዋሻውን ያጠብባል። ሰንሰለቱ ጥቂት አሚኖ አሲድ ያህል ከረዘመ በኋላ ይሰናከላል። መጀመሪያ ላይ ልክ እንደ ውታፍ ሁሉንም ይዘጋል ተብሎ ነበር። ኋላ ላይ አንዳንድ ፕሮቲኖች ሾልከው እንደሚያልፉ ታወቀ። ማን ይሰናከላል፣ ማን ያልፋል የሚለው በአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል ይወሰናል።

የሚይዘው ቦታ ላይ ያለች አንዲት ፊደል አለች። በባክቴሪያው የትልቅ ክፍል አርኤንኤ ላይ በቁጥር 2058 ትባላለች። ባክቴሪያ ውስጥ ይህች ፊደል «ኤ» ናት። በእኛ ሴል ራይቦዞም ላይ እዚያው ቦታ «ጂ» አለ። «ጂ» ተጨማሪ ጉጥ አላት፤ መድኃኒቱ በደንብ ሊጠጋ አይችልም። ለአንድ መንደር ሕዝብ ሁሉ በአንድ ቀን አዚትሮማይሲን ማደል ከተቻለባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህች አንድ ፊደል ናት።

ባክቴሪያውም ይህን «ያውቃል»። አንዳንዱ «ኤ»ዋን በሚውቴሽን ወደ «ጂ» ይቀይራል። ሌላው ኧርም የሚባል ኢንዛይም አለው፤ እዚያች ፊደል ላይ ሜቲል የሚባል ትንሽ የካርቦንና የሃይድሮጂን ቅንጣት ይለጥፋል። አንድ ወይም ሁለት። ያቺ ትበቃለች፤ መድኃኒቱ ቦታ አጣ። ሌላው ደግሞ ራይቦዞሙን አይነካም፤ መድኃኒቱን በፓምፕ ከሴሉ ያስወጣል። ምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ላይ በተደረገ ጥናት፣ ተደጋጋሚ አዚትሮማይሲን በተሰጠባቸው ቀበሌዎች፣ በልጆች አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ ያለው ኒሞኮከስ የተባለ ባክቴሪያ መድኃኒቱን መላመዱ በግልጽ ጨምሮ ተገኝቷል። ስለዚህ ስለ 2058 ማውራት የቅንጦት ነገር አይደለም።

ትንሹ ክፍልም የራሱ ታሪክ አለው። ቴትራሳይክሊን አመላላሹ አርኤንኤ የሚያርፍበትን ቦታ ይይዝና እንዳይገባ ይከለክላል። ስትሬፕቶማይሲን፣ ካናማይሲንና አሚካሲን ደግሞ ንባቡን ያበላሹታል፤ ራይቦዞሙ የተሳሳተውን አመላላሽ ትክክል ነህ ብሎ ያስገባል። የዚሁ ቤተሰብ የሆነውን ፓሮሞማይሲንን መተማና ሁመራ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ከስቲቦግሉኮኔት ጋር ለካላዛር የሚሰጠው መርፌ ነው። የራማክሪሽናን ቡድን በ2000 ያሳየው ሥዕል ውስጥ ፓሮሞማይሲን ገብቶ ሁለት የአርኤንኤ ፊደሎችን ወደ ውጭ ሲገፋ ይታያል። እነዚያ ፊደሎች በወትሮው ወደ ውጭ የሚወጡት ንባቡ ትክክል ሲሆን ብቻ ነው። መድኃኒቱ የ«ትክክል ነው» ምልክቱን በግድ አወጣው ማለት ነው።

ከአድማጮች አንዲት ነርስ እነዚህ መርፌዎች ለምን ጆሮ ያደነቁራሉ ብላ ጠየቀችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ ማይቶኮንድሪያችን ናት። ማይቶኮንድሪያ የጥንት ባክቴሪያ ዘር ስለሆነች የራሷ ራይቦዞም አላት፤ ያ ራይቦዞም ከእኛ ዋና ራይቦዞም ይልቅ የባክቴሪያውን ይመስላል። በማይቶኮንድሪያቸው አርኤንኤ ላይ አንዲት ፊደል የተቀየረችባቸው ሰዎች አሉ። እነሱ በትንሽ መርፌም የመስማት ችሎታቸውን ሊያጡ ይችላሉ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድም እንዲሁ የማይቶኮንድሪያን ራይቦዞም ስለሚነካ ነው ደም ማነስና የነርቭ ሕመም የሚያመጣው።

ቲቢን ካነሣን ሁለተኛውን ማሽን ላስተዋውቃችሁ። ኤቲፒ ሲንቴዝ ይባላል። ሥራው ኤቲፒ መሥራት ነው። ኤቲፒ ሴል ሥራ ሁሉ የሚከፍልበት ጉልበት ነው፤ ሰውነታችን በቀን ከራሱ ክብደት ጋር የሚቀራረብ ኤቲፒ እየሠራ እያፈረሰ ይውላል።

ጎጃም ወይም ጎንደር የውሃ ወፍጮ ያየ ሰው ይህን ማሽን ለመረዳት አይቸገርም። ውሃው ከላይ ይወርዳል፣ መዘውሩን ያዞራል፣ መዘውሩ ዘንጉን ያዞራል፣ ዘንጉ ድንጋዩን። እዚህ በውሃው ፈንታ ፕሮቶኖች አሉ። በሽፋኑ በአንዱ ወገን ተከማችተው ወደ ሌላው ለመውረድ ይገፋሉ። ሲወርዱ ሽፋኑ ውስጥ ያለውን ቀለበት ያዞሩታል። በእኛ ሴል ቀለበቱ ስምንት ቁራጭ ነው። ከቀለበቱ ጋር ዘንጉ ይዞራል። አንድ ልዩነት አለ፤ ወፍጮ ላይ ድንጋዩ ይዞራል፣ እዚህ ግን ከላይ ያለው ራስ አይዞርም። በጎን በኩል ባለ ክንድ ተይዟል። ዘንጉ በመሃሉ ሲዞር ሦስቱን የሥራ ክፍሎች በየተራ ይገፋቸዋል፤ አንድ ሙሉ ዙር ሦስት ኤቲፒ ያወጣል። ፍጥነቱ በሰከንድ ከመቶ ዙር በላይ ነው።

ፖል ቦየር የሚባል ተመራማሪ ሦስቱ ክፍሎች በየተራ ቅርጽ ይቀያየራሉ ብሎ ሲናገር ብዙዎች አልተቀበሉትም። በ1994 ጆን ዎከርና ባልደረቦቹ ከከብት ልብ ያወጡትን ራስ በክሪስታል አሳዩ። ሦስቱ ክፍሎች ሦስት የተለያየ ቅርጽ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ኤቲፒ መሰል ነገር ይዟል፣ አንዱ ኤቲፒ የሚሠራበትን ኤዲፒ፣ አንዱ ባዶ። ልክ ቦየር እንዳለው። ግን ክሪስታል ቆሞ የቀረ ነገር ነው፤ ይዞራል ብሎ አያሳይም። በ1997 ጃፓን ውስጥ እነ ኖጂ ራሱን መስታወት ላይ አጣብቀው ዘንጉ ጫፍ ላይ አክቲን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ የሚያበራ ረጅም ክር አሰሩ። ኤቲፒ ሰጡት። ማይክሮስኮፑ ሥር ክሩ ሲዞር ታየ፤ ሁሌ በአንድ አቅጣጫ። ቪዲዮውን ፈልጋችሁ እዩት፤ ይህኛው አኒሜሽን አይደለም። ቦየርና ዎከር በዚያው ዓመት ኖቤል አገኙ።

የቲቢ ባክቴሪያም ይህ ማሽን አለው። ቤዳኩዊሊን የሚባለው መድኃኒት ቀለበቱን ይይዝና እንዳይዞር ያደርጋል። የተገኘበት መንገድ የተገላቢጦሽ ነው። መጀመሪያ የቲቢ ዘመድ የሆነ ባክቴሪያ የሚገድል ኬሚካል ተፈለገ። ተገኘ። ምን እንደሚነካ ግን አልታወቀም ነበር። መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ተመርጠው ዲኤንኤያቸው ሲነበብ ለውጡ የቀለበቱ ጂን ላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ በ2005 ታተመ። ሥዕሉ የመጣው ኋላ ነው። ዛሬ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ በስድስት ወር ይታከማል ሲባል ከመድኃኒቶቹ አንዱ ወፍጮውን የሚያቆም፣ አንዱ ራይቦዞሙን የሚያቆም ነው።

አሁን ለእንዲህ ያሉ ትልልቅ ማሽኖች ክሪስታል ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ይቻላል። ቦታውን የያዘው ክራዮ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው። የሚሠሩትን በቅርብ ብታዩ ነገሩ ከእጅ ሥራ አይርቅም። ሦስት ሚሊሜትር የምትሆን ቀዳዳ ቀዳዳ ያላት የመዳብ ወንፊት ላይ ናሙናው ይንጠባጠባል። በመምጠጫ ወረቀት ይደርቃል፤ በጣም ስስ የውሃ ሽፋን ይቀራል። ወዲያው ፈሳሽ ኢቴን ውስጥ ትወረወራለች። ቅዝቃዜው ፈጣን ስለሆነ ውሃው በረዶ ለመሆን ጊዜ አያገኝም፤ እንደ መስታወት ይሆናል። በረዶ ቢሆን ሞለኪዩሎቹን ያበላሽ ነበር። ይህን ያሳካው ዣክ ዱቦሼ ነው። ከዚያ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደብዛዛ የሞለኪዩል ምስሎች ይነሣሉ፤ ዮአኪም ፍራንክ ያዳበረው ስሌት እያመሳሰለ አንድ ጥርት ያለ ቅርጽ ያወጣቸዋል። ሁለቱ ከሪቻርድ ሄንደርሰን ጋር በ2017 ኖቤል ተሸለሙ። ፍራንክ ለረጅም ዓመታት ዘዴውን የሞከረው በምን መሰላችሁ? በራይቦዞም። በ2000 ትንሹ ክፍል በትልቁ ላይ ጥቂት ዲግሪ ወዲያና ወዲህ እንደሚዞር ያሳየውም በዚሁ ነው። መልእክቱን የሚያሻግረው ያ መዞር ነው።

የዚህ ዘዴ ትልቁ ጥቅም ክሪስታል አለመፈለጉ ብቻ አይደለም። ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ይቀዘቅዛል፤ አንዱ ራይቦዞም ሲያነብ፣ አንዱ ሲገፋ። ኮምፒውተሩ ይለያቸዋል። በ2022 ሃይደልበርግ ያለ ቡድን ደግሞ ከሴል ሳያወጣቸው፣ ሙሉ ባክቴሪያ አቀዝቅዞ፣ ራይቦዞሞቹን እዚያው ሥራቸው ላይ አያቸው። አንቲባዮቲክ ሲጨመር የትኛው ደረጃ ላይ እንደሚቆሙም ታየ።

አንድ ተማሪ አልፋፎልድ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከመጣ በኋላ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ያስፈልጋል አለኝ። አልፋፎልድ ትልቅ ነገር ነው፤ ሠሪዎቹ በ2024 ኖቤል የተሸለሙትም በምክንያት ነው። የአንድ ፕሮቲን ቅርጽ በደቂቃዎች ይገምትላችኋል። ግን የተማረው ከየት ነው? ከ1971 ጀምሮ ሰዎች በላባቸው ካወጧቸውና በነፃ ካስቀመጧቸው ቅርጾች ነው። ብዙ ቁራጭ ያለው ማሽን ሥራ ላይ ሳለ በየትኛው ቅጽበት ምን እንደሚመስል፣ መድኃኒት ሲገባበት የቱ ጋ እንደሚቆም፣ አሁንም ማየት ይጠይቃል።

ያ የቅርጾች መዝገብ ፕሮቲን ዳታ ባንክ ይባላል። ክፍያ የለውም። ማይክሮስኮፑ ብዙ ሚሊዮን ዶላር ያወጣል፤ ውጤቱን ለማየት ግን ላፕቶፕና ኔት ይበቃችኋል። ኪሜራኤክስ የሚባል ሶፍትዌር ለትምህርት በነፃ ይሰጣል። አዚትሮማይሲን የያዘ የባክቴሪያ ራይቦዞም ፈልጋችሁ ክፈቱ። መጀመሪያ የተጠላለፈ ነገር ይመስላችኋል፤ አትደንግጡ። ፕሮቲኖቹን ደብቋቸው፣ አርኤንኤው ይቅር። መድኃኒቱን ቀለም ቀቡት። ከዚያ 2058ን ምረጡና አቅርቡት። ቁጥሩ ኢ ኮላይ በሚባለው ባክቴሪያ ነው፤ የሌላ ባክቴሪያ ከሆነ ትንሽ ሊዛባ ይችላል። ከመድኃኒቱ እስከዚያች ፊደል ያለውን ርቀት ለኩ። ሶፍትዌሩ በአንግስትሮም ይነግራችኋል።